የእንቁላል ካርቶኑ ግድግዳ

ሙጫ ይሸታል። ሜሮን የተከራየችው ክፍል ውስጥ እግሬን እንዳስገባሁ አፍንጫዬን የያዘው እሱ ነው፤ ገና የተከፈተ የሙጫ ቆርቆሮ፣ ከላስቲክ የወጣ ጥቁር ስፖንጅ፣ ከሥር ደግሞ የትኛውም ተከራይ ጠርጎ የማይጨርሰው የአሮጌ ምንጣፍ አቧራ። ሌላው ሰው በዳቦ ወይም በዝናብ ሽታ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል፤ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት። እኔን ወደ ኋላ የሚወስደኝ የግድግዳ ሙጫ ነው። የሚወስደኝም ወደ ልጅነቴ ሳይሆን እዚሁ ፌርፋክስ ላይ፣ ከዚህ ጥቂት በሮች አለፍ ብሎ ወደነበረ ሌላ ክፍል ነው። ከእኔ የአገር ናፍቆት የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ ያድርግልኝ። እኔን የሚናፍቀኝ ሎስ አንጀለስ ነው፤ ያውም እየኖርኩበት።

ሜሮን የጓደኛዬ ልጅ ናት። ኪቦርድ ታስተምራለች፤ እዚህ ተወልዳ አማርኛዋን ከእናቷ ኩሽና ያገኘች፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ልጅ ናት። የጠራችኝ ድምፅ እንዲያፍንላት ስፖንጁን ግድግዳ ላይ ስትለጥፍ ጫፉን እንድይዝላት ነው።

"ሶ እትዬ ሰናይት፣ አንድ ኔበር ኮምፕሌይን አድርጓል አሉኝ" አለችኝ፣ ስፖንጁ የመጣበትን ካርቶን በእግሯ እየገፋች። "ድምፁን ካልቀነስሽ ሊዙን ሪኒው አናደርግልሽም ነው የሚሉት የሕንፃው ሰዎች። ተማሪዎቼን የት ልወስዳቸው? አፓርታማዬ ውስጥ ሞክሬው ነበር እኮ፤ እዚያም ከልክለውኛል።"

"የትኛው ጎረቤት ነው?"

"አይነግሩኝማ! ፕራይቬሲ ነው ይላሉ።"

"ታዲያ ስፖንጁን የትኛው ግድግዳ ላይ ልትለጥፊው ነው?"

"በግራ በኩል። የትራቭል ኤጀንሲው ሰውዬ በጣም ሲሪየስ ነው፤ ሰላም እንኳን አይለኝም። እሱ ነው የሚሆነው።"

ስፖንጁን እንደያዝኩ ሳቄ መጣ። ሜሮን በሙጫው የሰከርኩ መስሏት መስኮቱን ከፈተችልኝ። በመስኮቱ የፌርፋክስ ጩኸት ገባ፤ አውቶቡስ፣ የሚከራከሩ ሁለት ሹፌሮች፣ ከአንዱ መኪና የሚወጣ የቤዝ ድምፅ። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም።

ሠፈሩ በአገራችን ስም ተሰይሞ ሰሌዳው ከመሰቀሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሁን ከተሰቀለ በኋላ እርግጠኛ አይደለሁም። ዓመተ ምሕረት ስጠየቅ ሁልጊዜ እዋሻለሁ። የማስታውሰው ቤንዚን ከታሸገ ውኃ ይረክስ እንደነበር ነው፤ አንድ ሰሃን ሁለት ሰው አጥግቦ ለነገ ምሳ የሚቋጠር ይተርፈው እንደነበር፤ ወንዶቹ ትከሻው የሰፋ ኮትና ጫማ የሚውጥ ሱሪ ለብሰው በኦሎምፒክ ጎዳና ማዕዘን ላይ ሚዜ እንደሚጠብቅ ሙሽራ ይቆሙ እንደነበር ነው። በሱቆቹ መስኮት ላይ የስልክ ካርድ ማስታወቂያ ተደራርቦ ተለጥፎ ውስጡን ማየት አይቻልም ነበር። ካሴት በክር እየተንጠለጠለ ይሸጥ ነበር። ጃካራንዳው ሲያብብ ሐምራዊው አበባ መኪና ጣሪያ ላይ ተጣብቆ፣ እኔም ያንኑ አበባ ይዤ በርባንክ ድረስ እነዳ ነበር። በርባንክ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቀበል ነበር። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ጉዞ ሳሳልፍ እውልና ወደ ማታ በዚያች አንድ መስኮቷ በማይዘጋ ሰማያዊ መኪናዬ ወደ ፌርፋክስ ድራይቭ አደርጋለሁ። የምሄደው ሳክስፎን ልማር ነበር። ለምን ሳክስፎን ለሚል፣ ሴት ልጅ ሳክስፎን አትነፋም ስላሉኝ ነው። ከዚህ የረቀቀ ምክንያት ኖሮኝ አያውቅም።

አስተማሪዬ ጋሼ ተፈራ ይባሉ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የጦር ክፍል ሙዚቀኛ ነበሩ፤ በየትኛው መንግሥት ብለን አንጠይቅም፣ እሳቸውም አይናገሩም። እዚህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፒኮ ሮበርትሰን ሠፈር በኩል የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ነበሩ። በጥበቃው ልብስ ግን አንዳችንም አይተናቸው አናውቅም። ወደ ክፍሉ የሚመጡት በሱፍ ልብስ፣ በከረባት፣ መልክ በሚያሳይ ጫማ ነው። ከዚያ በፊት የተከራዩዋቸውን ክፍሎች በድምፅ የተነሳ አስለቅቀዋቸዋል። "ይቺን ክፍል ካጣሁ" ይሉ ነበር፣ ሳክሳቸውን በመሐረብ እየወለወሉ፣ "እሱን አልጋ ሥር አስገብቼ የሰው በር ጠባቂ ብቻ ሆኜ እቀራለሁ።" ይህን ሲሉ ይስቃሉ፤ እኛ ግን አንስቅም ነበር። ክፍሏ ከአንድ ሕንፃ ጀርባ፣ ጠባብ ኮሪደር ላይ ነበረች። በግራዋ የጴንጤዎች የጸሎት ክፍል፣ በቀኟ የእትዬ አለምነሽ የልብስ ስፌት ቤት።

ጋሼ ተፈራ አንድ ሕግ ነበራቸው። ስህተት ላይ አይታለፍም። ጣት ከሳተ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉና "ከመጀመሪያው!" ይላሉ። የሚያስተምሩን የድሮ የፍቅር ዘፈን ነበር፤ ስሙን አልጠራውም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ዜማው ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ በዝግታ ይወጣ ይወጣና አንድ ቦታ ላይ እንደ ጎረምሳ ይዘላል፤ ከዚያ ረጋ ብሎ ወርዶ ቤቱ ይገባል። እኛ ታዲያ ሁላችንም እዚያች መዝለያ ላይ ነው የምንወድቀው። ከመጀመሪያው! እንደገና ደረጃውን እንወጣለን፤ እንደገና እንወድቃለን። ወራት አለፉ። ከተማሪዎቹ አንድም ሰው ያ ዘፈን ቤቱ ሲገባ አላየም።

አንድ ቀን ትምህርት ላይ ሳለን በሩ ተንኳኳ። የወሎው ሐጂ ሰይድ ነበሩ፤ ማዕዘኑ ላይ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ፣ በሠፈሩ ውስጥ የተጣላ ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚታረቀው። ከጎናቸው ሌላ ሽማግሌ አሉ፤ ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ከአንድ ቃል በቀር ሲወጣቸውም አልሰማሁ።

"አቶ ተፈራ፣ አይቆጡንም መቼም" አሉ ሐጂ። "አንድ ጎረቤት ድምፁ ከብዷቸዋል። ነገሩ ባለ ሕንፃው ጋ ደርሶ ከክፍልዎ ሳያስወጣዎት እዚሁ በመካከላችን ይለቅ ብለን ነው።"

ጋሼ ተፈራ ፊታቸው ደም መሰለ። "ማን ናቸው ጎረቤቱ? እኔው ራሴ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው።"

"ኧረ እሱን ይተዉት! ስም ከጠራንማ ሽምግልናው ምኑ ላይ ነው? ነገ ኮሪደሩ ላይ ሲያገኙዋቸው ፊትዎ ይጠቁራል፤ የእሳቸውም ይጠቁራል። እኛ ልናስታርቅ እንጂ ልናጣላ አልመጣንም።"

"እውነት ነው" አሉ ሌላው ሽማግሌ።

እኔ ያኔም አፌ አያርፍም ነበርና "ታዲያ የትኛውን ግድግዳ እንሸፍን?" አልኩ። ሐጂ በሐዘኔታ አዩኝ። "ልጄ፣ ጨዋ ሰው ይገባዋል።"

ጨዋ ሰው ገባው። እነሆ አስተዋይ ሰዎች ሁሉ ተሰብስበን በአንድ ድምፅ ጴንጤዎቹ ናቸው አልን። የፍቅር ዘፈን በግድግዳ እየገባባቸው እንዴት ይጸልያሉ? ማንም ሄዶ አልጠየቀም፤ ይሉኝታ አለ። የእነሱ ጸሎት ከእኛ ሳክስፎን የበለጠ እንደሚጮህም ማንም አላነሳም፤ ያንንም የያዘን ይሉኝታ ነው። ጋሼ ተፈራ አዲስ አበባ ያዩት ስቱዲዮ ሁሉ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ነበርና መፍትሔው ታወቀ። ከየምግብ ቤቱ የእንቁላል ካርቶን ለመንን። በዚያች አንዲት ብሎክ ላይ በየቀኑ ስንት የዶሮ ወጥ እንቁላል እንደሚቀቀል ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ካርቶኑ በመኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ እስከ ጣሪያ ተከምሮ ይመጣል፣ እኛ ሙጫ እየቀባን ከታች ወደ ላይ እንለጥፋለን። ከወገብ በላይ እንደደረስን ሁዳዴ ገባ። እንቁላል ቀረ፣ ካርቶንም ቀረ። ምግብ ቤቶቹ በሽሮና በምስር ተጥለቀለቁ፤ ግድግዳችንም ከወገቡ በላይ ራቁቱን ቆመ።

ያን ጊዜ ነው ሠፈሩ ደጉን ያወጣው። ማን ምን እንደሰጠ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ያረጀ ጋቢ መጣ፤ ከአንድ አፓርታማ የተነቀለ ቡናማ ምንጣፍ፣ የሕፃን አልጋ ፍራሽ፣ ከሠርግ የተረፈ የመድረክ መጋረጃ መጣ። እኔም ነብር ያለበትን ብርድ ልብሴን አመጣሁ። ነብሩ ከጋቢው በላይ ተሰቅሎ በካርቶኑና በመጋረጃው መሀል አፍጥጦ ያየናል። ክፍሏ ውስጥ ስንገባ የገዛ ድምፃችን ጆሯችን ሥር ይሞታል፤ እንደ ሕልም፣ ውኃ ውስጥ ሆኖ እንደ ማውራት ነው። በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት ካርቶንና ጋቢ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳሉ እንጂ ድምፅ ከመውጣት አያግዱትም። ድምፅ አየር በሚያልፍበት ሁሉ ያልፋል፤ በበሩ ሥር፣ ግድግዳው ውስጥ ጀርባ ለጀርባ በተገጠሙ ሶኬቶች፣ በኮርኒሱ ስንጥቅ። ይባስ ብሎ ድምፃችን ስለታፈነብን ሁላችንም ሳናውቀው አጥብቀን መንፋት ጀመርን።

ሐጂ ሰይድ ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም።

"ብሷል ይላሉ። ከድሮው ብሷል። አቶ ተፈራ፣ እኔ ከዚህ በላይ ማስቆም አልቻልኩም፤ ባለ ሕንፃው ጋ ሊሄዱ ነው።"

"እውነት ነው" አሉ ሌላው ሽማግሌ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ሲወጡ ጋሼ ተፈራ ሳክሳቸውን ከአንገታቸው አወረዱ፤ አፉን ነቅለው፣ አንገቱን ነቅለው፣ እያንዳንዱን ክፍል ወልውለው በቀዩ ከፋይ ውስጥ አስተኙት። የሻንጣው መቆለፊያ ቀጭ ሲል እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ ያ ሁሉ ጋቢና ፍራሽ እሱን አላፈነውም። "ሰናይት" አሉኝ፣ "ሌላ አስተማሪ ፈልጊ።"

ወዲያው በሩ እንደገና ተንኳኳ። ወንድም ዮናስ ነበር፤ የጸሎት ክፍሉ መሪ፣ ወጣት፣ ከርቀት የሚሰማ ሳቅ የነበረው። አሁን ግን አልሳቀም። በሩ ላይ እንደቆመ ግድግዳውን፣ ካርቶኑን፣ ነብሩን ተራ በተራ አየ።

"ጋሼ ተፈራ" አለ፣ "ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ሰሞኑን በእኛ በኩል ግድግዳውን ስታሽጉ ሰምተን በጣም አዘንን። ጸሎታችን እንዲህ እንደረበሻችሁ አላወቅንም ነበር። ከእንግዲህ ቀስ ብለን እንጸልያለን።"

ጋሼ ተፈራ ከሻንጣው ቀና አሉ። "እናንተ ናችሁ እንጂ... የእኛ ድምፅ አይደለም እንዴ እናንተን የረበሸው?"

"የእናንተ? ጋሼ፣ እኛ ስንጀምር የራሳችንን ድምፅ እንኳን አንሰማም!"

እንግዲህ በግራ ካልሆነ በቀኝ ነው። ጋሼ ተፈራ ስሙን ከሽማግሌ አፍ ሳይሰሙ እትዬ አለምነሽን መጠየቅ ነውር ነው ብለው እምቢ አሉ። እኔ ነውርን ብዙ አልፈራም። ያንኑ ዕለት መኪናዬ ውስጥ የነበረ ጉርድ ቀሚስ አንጠልጥዬ ገባሁ። እትዬ አለምነሽ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከሲንጀር የስፌት መኪናቸው ላይ ቀና አሉ።

"ምን ሆነ?"

"ይጠርልኝ ብዬ ነው።"

"ከዚህ በላይ? ከዚህ በላይ ካጠረማ መቀነት ነው የሚሆነው።" ጉርዱን አገላብጠው አዩትና ወደ እኔ መለሱት። "አንቺ ነሽ አይደል? እዚያች ጋ ስትደርስ የምትወድቀዋ?"

"የት ጋ?"

እግራቸውን መርገጫው ላይ አሳርፈው ማንጎራጎር ጀመሩ። ደረጃውን ወጡ፤ መርፌው አብሮ ይሄዳል። መዝለያዋ ጋ ደረሱ፤ ዘለሉ፤ መርፌውም ዘለለ። ከዚያ ያ ያልሰማነው ቀሪው ዜማ፣ ቀስ እያለ፣ ጨርቁ ላይ ቀጥ ያለ መስመር እያሰመረ ወርዶ ቤቱ ገባ። ያንን ዘፈን እስከ መጨረሻው የሰማሁት ያኔ ነው፤ ወራት ስማረው ከቆየሁ በኋላ፣ በስፌት መኪና አጃቢነት።

"ለሐጂ ያልኳቸው ይህንን ነው" አሉ። "ወይ ይጨርሱት፣ ወይ ይተዉት! ምን ብለው ነገሯችሁ?"

"ድምፁ ከብዷቸዋል አሉ።"

"ጉድ! ግማሹን ብቻ ይዘው ሄዱ?" መነጽራቸውን አወለቁ። "ድምፁ ምን ሆነና! እግሬ እኮ በናንተ ዜማ ነው የሚረግጠው። ስታቆሙ እግሬም ይቆማል፤ መርፌው ተተክሎ ይቀራል። የሰው ልብስ ጠመመብኝ። ማታ ግማሹን ዘፈን ተሸክሜ ቤቴ እገባለሁ፤ ሽንኩርት ስከትፍ እሱ፣ ልብስ ሳጥፍ እሱ። ይኸው ሰሞኑን ደግሞ አጠንክራችሁ መውደቅ ጀመራችሁ! ነገ ባለ ሕንፃው ጋ ሄጄ አስወጣልኝ ልለው ነበር፤ ለሐጂም በራሳቸው ወላሂ ምዬላቸዋለሁ።"

ሄጄ ለጋሼ ተፈራ ስነግራቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ተቆጡ። "ያልጠራ ነገር አላስጨርስም! እኔ በሠለጠንኩበት ቤት ስህተቱን ተሸክሞ የሚያልፍ አልነበረም!"

"እዚያ ቤት ጎረቤት ነበር እንዴ ጋሼ?"

ትንሽ አሰቡ። "ጎረቤታችን የመድፍ መለማመጃ ነበር" አሉ። ከዚያ ሳይወዱ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ መጣ። የተዘጋውን ሻንጣ ለረጅም ጊዜ አዩት። እሳቸው ራሳቸው ያንን ሕግ እስከዚያች ሰዓት ጥሰው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ሕጉ ከጫማቸውና ከከረባታቸው ጋር ከአገር ይዘውት የመጡት የማይጨማደድ ነገር ነበር። "አውጪው" አሉኝ በመጨረሻ። "ንፊ። ብትሳሳቺም ሂጂ።"

ነፋሁ። መዝለያዋ ጋ እንደተለመደው ወደቅሁ፤ መዳፋቸው ወደ ጠረጴዛው ሲሄድ አየሁት፤ አየር ላይ ቆመ። እየተንገዳገድኩ አለፍኩ። በቀኝ ግድግዳ በኩል፣ በማንም ጋቢ ባልተሸፈነው ግድግዳ በኩል፣ የስፌት መኪናው ከእኔ ጋር ሲሄድ ይሰማል፤ ስዘገይ ይዘገያል፣ ስደናበር ይጠብቀኛል። የመጨረሻዋን ድምፅ ትንፋሼ እስኪያልቅ ያዝኳት። ስፌቱ ትንሽ ቀጠለና ቆመ። ከዚያ የመቀስ ድምፅ፤ ክሩ ተቆረጠ። ጋሼ ተፈራ ፊታቸውን ወደ ነብሩ አዙረው አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

በማግሥቱ እትዬ አለምነሽ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፉትን፣ በብጥስጣሽ የታጨቀ እንደ እባብ የረዘመ ነገር ይዘው መጡ። "ይህን በበሩ ሥር ዘርጉት፤ ኮሪደሩ ላይ የሚሾልከው በዚያ ነው። ስንጥቁንም ድፈኑት፤ የሌላውን ሰው ቤት ለምን ትረብሻላችሁ?" አሉ። በራቸው ጋ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ዞር ብለው፣ "በእኔ በኩል ያለውን ግን እንዳትነኩት!" ሐጂ ሰይድ ሰላም መውረዱን ሰምተው በኩራት መጡ። "አያችሁ? ስም ሳይጠራ፣ ማንም ሳያፍር! ሽምግልና ማለት ይህ ነው" አሉ። ሌላው ሽማግሌ ምን እንዳሉ መገመት አያቅትም። ጋሼ ተፈራ ከዚያች ክፍል በመጨረሻ የወጡት በድምፅ ሳይሆን በጉልበታቸው ሕመም ነው፤ እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ ተማሪ ከመሄዱ በፊት፣ የፈለገውን ያህል ቢያበላሸውም፣ ዘፈኑን ቤቱ እያስገባ ነበር የሚወጣው። ክፍሏ ዛሬ ቅንድብ የሚቀነደብባት ናት። አንዴ ለመቀንደብ ብዬ ገብቼ በቀኙ ግድግዳ በኩል ጆሮዬን ሰጠሁ። ጸጥ ብሏል፤ ፍጹም ጸጥ። ሰው ለእንዲህ ያለ ጸጥታ ለምን ይህን ያህል እንደሚደክም አልገባኝም። ድምፅ የማያሾልክ ቤት እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሁላችንም ሳንከራየው እንገባበታለን።

"እትዬ ሰናይት? አር ዩ ኦኬ?" ሜሮን ስፖንጁን ከእጄ ልትቀበለኝ እየሞከረች ነበር።

"ተማሪዎችሽ ሲሳሳቱ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እኔ ምንም አላደርግም። አፑ አለ፤ ሲሳሳቱ አውቶማቲክሊ ወደ መጀመሪያው ይመልሳቸዋል። በጣም ጥሩ ነው።"

የሙጫውን ቆርቆሮ ከደንኩት። "ነይ" አልኳት።

"የት? እትዬ፣ ፕራይቬሲ ነው እኮ አሉኝ..."

የትራቭል ኤጀንሲውን በር ትቼ በቀኝ በኩል ወዳለው ስልክ ጠጋኝ ቤት ወሰድኳት። ሰውዬውን ሁለታችንም አናውቀውም። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በክፍተቱ ጎንበስ ብሎ በጥቃቅን ብሎን ላይ ሲሠራ ጀርባው ይታያል። ሜሮን ልታንኳኳ እጇን አነሳች፤ እንዳነሳች ቀረች። ሰውዬው እየሠራ ያፏጫል። ቀላል የጀማሪ ዜማ ነው፤ ዕለት ዕለት ከሜሮን ክፍል የሚወጣው። ወጣ፣ ወጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ደረሰና ተቋረጠ። ብሎን መፍቻው አየር ላይ ቆመ። ራሱን ነቀነቀና ከመጀመሪያው ጀመረ። እዚያው ቦታ ላይ ደርሶ እንደገና ተቋረጠ።

ሜሮን ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ፈጥጧል። እኔ ትከሻዬን ሰበቅሁ። ሴት ልጅ አታፏጭም ተብላ ያላደገች ልጅ ናትና፣ እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ ሳታንኳኳ፣ ቀሪውን አፏጨችለት።